ውሃው ሳይፈላ ጭሱ ሲግል
የምዕራብ ሸዋ ዳገቶችና የናፍጣ መኪና የጭስ ሙቀት ጌጅ

ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ ሞተርን የሚፈትነው ቀስ በቀስ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የወንጪ ተራራ ጫፍ ደግሞ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ከከተማው ሲወጣ የነበረው የጤፍ ማሳ በገብስና በእንሰት ይተካል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ተሳፋሪው ጃኬቱን ይደርባል። ሰባት ስምንት ሰው ከነጓዙ የጫነች ላንድ ክሩዘር በሦስተኛ ማርሽ እያጉረመረመች ትወጣለች። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦታል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል። የውሃው ሙቀት ጌጅ ግን መሃል ላይ ተቀምጦ ንቅንቅ አይልም።

ሐይቁ ከላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ሲደርሱ ሹፌሩ ዳር ይዞ ወዲያውኑ ሞተሩን ያጠፋል። ተሳፋሪው ፎቶ ለመነሳት ይወርዳል።

በዚህች አጭር ጊዜ ሁለት ነገር ከሹፌሩ ዓይን ያመልጣል። አንደኛው፣ ዳገቱ ላይ ከሲሊንደር የሚወጣው ጋዝ ሙቀት ምን ያህል እንደደረሰ ነው። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ቱርቦ ያለው ከሆነ፣ ቱርቦው በእሳት ግሎ ገና እየተሽከረከረ ሳለ ዘይቱ እንደተቋረጠበት ነው። በሁለቱም ጊዜ ሙቀቱን የሚያሳየው መሣሪያ የጭስ ሙቀት ጌጅ ሲሆን፣ በእኛ መንገድ ላይ በሚታዩት አብዛኞቹ የናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የለም።

ሹፌሮች በሕይወታቸው ሁሉ ሲጠብቁ የኖሩት የውሃውን ጌጅ ነው። መኪና «ፈላ» የሚባለውም በእሱ ነው። ነገር ግን ውሃው ብዙ ነው፤ የሞተሩ ብረት ወፍራም ነው፤ ራዲያተሩና ቴርሞስታቱም ሙቀቱን እኩል ለማድረግ ይሠራሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ የተፈጠረው ትርፍ ሙቀት ውሃው ላይ እስኪታይ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ደግሞ የውሃው ጌጅ ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። የጭሱ ሙቀት ግን እግር ነዳጁን በተጫነ በሰከንዶች ውስጥ ይወጣል፤ እግር ሲነሳም በዚያው ፍጥነት ይወርዳል።

ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ሹፌርና መካኒክ ሳይግባቡ የሚቀሩት። «ውሃው እኮ ከመሃል አልፎ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ አልፈላችብኝም» ይላል ሹፌሩ። መካኒኩ የተፈታውን ቴስታታ ገልብጦ በቫልቮቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጣቱ እያሳየ፣ «ጋሼ፣ የጎዳት ውሃው አይደለም፤ እሳቱ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሹፌሩ ያየውን ነው የተናገረው፤ ያላየውን የሚያሳየው ጌጅ አልነበረውም።

ነገሩ በደጋው ለምን እንደሚብስ ለመረዳት አየሩን መቁጠር ይበቃል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር በአገራችን የመስሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ላንድ ክሩዘሮች ውስጥ በደንብ ይታወቃል። ስድስት ሲሊንደርና 4,164 ሲሲ ያለው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 6,200 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። የሚስበው መጠን አምቦም ላይ፣ ወንጪም ላይ፣ ጅቡቲ ወደብም ላይ ያው ነው፤ የሚለያየው በውስጡ ያለው የአየር ክብደት ነው። የአምቦ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር 78 በመቶ ገደማ ነው። ወንጪ ጫፍ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ያ 6,200 ሊትር አየር ወንጪ ላይ ሲደርስ የባሕር ወለሉን 4,100 ሊትር ገደማ ያህል ነው የሚሆነው።

ናፍጣው ግን አይሳሳም። ፖምፓው በእግር በተጫኑት ልክ ይለካና ይረጫል። ለከፍተኛ ቦታ ናፍጣውን የሚቀንስ ክፍል የተገጠመላቸው ፖምፓዎች አሉ፤ ያ ክፍል የሌለው ወይም ሥራውን ያቆመ ፖምፓ ግን ለቆላ የተለካውን ናፍጣ ደጋ ላይም ይሰጣል። አንድ ኪሎ ናፍጣ በትክክል ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ የናፍጣ ሞተር ሳይጨስና ሳይግል እንዲሠራ ደግሞ ከዚያም የተረፈ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያጥር ናፍጣው ዘግይቶ ይቃጠላል፤ እሳቱ ፒስተኑን ገፍቶ ከመጨረስ ይልቅ እየነደደ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቁሩ ጭስ የዚህ ምልክት ነው። በቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲበዛ ሙቀቱ ይቀንሳል። በናፍጣ ተቃራኒው ነው፤ ነዳጅ በበዛ ቁጥር ይግላል። ከቤንዚን መኪና ወደ ናፍጣ የመጣ ሹፌር ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ነው።

ጉልበት አነሰኝ የሚል ሹፌር ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መጠን ብሎን አስጠምዞ ትንሽ እንዲከፈትለት ይጠይቃል። ጉልበቱ በእርግጥ ይጨምራል፤ ሜዳው ላይ ደስ ይላል። ዋጋው የሚከፈለው ከጉደር ወደ ጌዶ በሚወጣው ዳገት፣ ከሙገር ሸለቆ ሲወጣ ወይም ወደ ጀልዱ ደጋ ሲታለፍ ነው።

ቱርቦ ያለው መኪና ከዚህ ነፃ ነው የሚል እምነት አለ። ግማሽ እውነት ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ይሁንና የቱርቦ ግፊት ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። ጌጁ 0.7 ባር ሲል ባሕር ወለል ላይ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው 1.7 ባር ነው፤ አምቦ ላይ ግን 1.5 ባር ገደማ ነው። መርፌው አንድ ቦታ ቆሞ አየሩ ግን ቀንሷል። የጭስ ሙቀት ጌጅ ብቻ ነው ይህንን ልዩነት ሳይደብቅ የሚናገረው፤ ምክንያቱም የሚለካው የገባውን ሳይሆን በመጨረሻ የወጣውን ነው።

ስንት ዲግሪ ይበዛል? አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ፒስተን የሚሠራበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይለሰልሳል። ጭሱ 700 ሲደርስ ፒስተኑ ወዲያው የማይቀልጠው እሳቱ በየዙሩ የሚነካው ለቅጽበት ስለሆነ፣ ሙቀቱም በቀለበቶቹ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳና ወደ ዘይቱ ስለሚሸሽ ነው። ዳገቱ ሲረዝም ግን የመሸሻ ጊዜው ያጥራል። ስለዚህ መካኒኮች በሰፊው የሚይዙት ልክ ከቱርቦ በፊት ሲለካ ለረጅም ጊዜ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው። ከፋብሪካ ቱርቦ ሳይኖረው በኋላ ቱርቦ ለተጨመረለት እንደ ዋን ኤች ዜድ ላለ ሞተር ከዝቅተኛው ቁጥር በታች መቆየት ይሻላል። ይህ ሞተር ናፍጣውን ቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ስለሚያቃጥል ሙቀቱ መጀመሪያ የሚበረታው ቴስታታው ላይ ነው፤ በዚያ አካባቢ መሰንጠቁም በሰፊው የታወቀ ጉዳቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። ጌጁ ለሁሉም መኪና አንገብጋቢ አይደለም። ቱርቦ የሌለው፣ ፖምፓው ያልተነካ፣ ጭነቱ ልከኛ የሆነ ላንድ ክሩዘር ያለ እሱ ዕድሜውን ይኖራል። ቱርቦ የተጨመረለት፣ ፖምፓው የተከፈተ፣ ተጎታች የሚስብ ወይም ዘወትር ከልኩ በላይ ተጭኖ ደጋ የሚወጣ መኪና ግን ጌጁን ሊያጣ አይገባም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ በእጅ ያለን የናፍጣ ሞተር ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ትርጉም አለው።

መግዛቱ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው መለዋወጫ ፍለጋ የሚሄደው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ ካልተገኘም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይለመናል። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ የሚታየው ቮልቱ ነው። አይሱዙን ጨምሮ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው 24 ቮልት ናቸው። ላንድ ክሩዘር ላይ ሁለት ባትሪ ስለታየ ብቻ 24 ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረው 12 ቮልት የሚሰጡበት መኪና ብዙ ነው። በቴስተር መለካት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይለኩ ማገናኘት ግን ጌጁን ያቃጥላል።

ቀጥሎ ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የአሜሪካ ጌጆች በፋራናይት ናቸው፤ 1,300 የሚለው መስመር 704 ሴልሺየስ ነው። አንድ ሹፌር ብቻ የሚነዳው መኪና ከሆነ ይለመዳል። ተራ በተራ ለሚነዱት የመስሪያ ቤት መኪና ግን ሴልሺየስ ይመረጥ፤ ቁጥር እያባዛ ዳገት የሚወጣ ሹፌር የለም። ከተቻለ ልኩ ሲታለፍ የሚጮህ ቢሆን ይመረጣል፤ የምዕራብ ሸዋ መንገድ ከብት፣ ባጃጅና ተማሪ የሚበዛበት ስለሆነ ዓይን ጌጅ ላይ ተተክሎ ሊቆይ አይችልም።

ከጌጁ ይልቅ ሥራውን የሚወስነው ግን መለኪያ ዘንጉ ነው። ቴርሞኮፕል ይባላል። ከሁለት የተለያዩ ቅይጥ ብረቶች የተሠሩ ሽቦዎች ጫፋቸው ተበይዶ ሲግል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። ይህንን ባሕርይ ቶማስ ዜቤክ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1821 ነው ያገኘው። ለመኪና የሚሆነው ኬ ዓይነት የሚባለው ሲሆን፣ በ600 ዲግሪ ላይ የሚያመነጨው 25 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቀጭን ዘንግ ለውጡን ቶሎ ያሳያል፤ ወፍራሙ ይዘገያል፣ ግን ዕድሜ አለው። ለተጫነና ለሚንገጫገጭ መኪና መካከለኛው ይመረጣል። የማይመከረው ርካሽ ዘንግ ነው፤ ተሰብሮ ቢወድቅ መንገዱ ቀጥታ ወደ ቱርቦው ቅጠል ነው።

የት ይገጠም የሚለው ጥያቄ ላይ መካኒኮች ይከራከራሉ። ከቱርቦ በኋላ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ መግጠም ቀላልና አስጊ ያልሆነ ሥራ ነው፤ ቱቦውን በስቶ ብሎን መበየድ ይበቃል። ችግሩ ጭሱ ቱርቦውን ሲያሽከረክር ሙቀቱን መልቀቁ ነው፤ በከባድ ጭነት ጊዜ ልዩነቱ ከ100 እስከ 170 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያም ልዩነት ቋሚ አይደለም። 500 የሚል ጌጅ 600ን ወይም 670ን ሊደብቅ ይችላል። እውነተኛው ቦታ ከቱርቦ በፊት፣ ከሲሊንደሮቹ የሚመጣው ጭስ ሁሉ በሚገናኝበት የማኒፎልድ አንገት ላይ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ከተገጠመ የአንድ ወይም የሁለት ሲሊንደር ወሬ ብቻ ነው የሚያወራው።

ማኒፎልዱ የሚበሳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆን አለበት፤ የዛጉት ብሎኖችም አንድ ቀን ቀድመው ዘይት ቢጠጡ ይሻላል። የሚበሳው ብረት ቀዝቃዛና ንጹሕ ይሆናል። የተለመደው ዘንግ አንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ያለው ስለሆነ፣ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ተበስቶ ከዚያ ጥርስ ይወጣለታል። ይህ ብረት ሲበሳ እንደ ጥቅል ሽቦ አይወጣም፤ ግራጫና የሚያብለጨልጭ ዱቄት ይሆናል። መሰርሰሪያው ላይና ጥርስ ማውጫው ላይ ግሪስ ጠቅጥቆ መቀባት ዱቄቱን ይይዘዋል። ጥርስ ማውጫው ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያለ ይዞራል፤ በየመሃሉ እየወጣ ይጠረጋል፤ አዲስ ግሪስ ይቀባል። በመጨረሻ ማግኔት በቀዳዳው ገብቶ የተረፈውን ይለቅማል። ማኒፎልዱን ሳያወርዱ የሚበሱ አሉ፤ የተሳካላቸውም አሉ። አንዲት የብረት ፍንጣሪ ግን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ከሚችል የቱርቦ ቅጠል ጋር ስትገናኝ የሚያስከትለውን ወጪ ያሰበ ሰው፣ ለማውረጃ የሚፈጀውን ግማሽ ቀን አይሰስትም።

የዘንጉ ጫፍ በጭሱ መንገድ መሃል ላይ ወይም አጠገቡ መድረስ አለበት። ግድግዳው ጥግ የቀረ ዘንግ የሚለካው ብረቱን ነው። ጥርሱ ላይ ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን ቅባት ካልተቀባ ከዓመታት በኋላ ሳይሰበር አይፈታም።

ኤሌክትሪሽያኑ የሚሳሳተው ሽቦው ላይ ነው። የቴርሞኮፕል ሽቦ አጠረ ተብሎ በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጠልም። ከተቀጠለ መለካቱ የሚያበቃው ሞተሩ አጠገብ፣ ሙቀቱ 80 ዲግሪ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው፤ ጌጁ ግን ሽቦው ተሳፋሪው ካለበት ቀዝቃዛ ክፍል እንደደረሰ ቆጥሮ ያሰላል። ውጤቱ 50 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያለ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚዋሽ ጌጅ ደግሞ ከሌለ ጌጅ የባሰ ነው። ሌላው ወጥመድ ቀለሙ ነው። በአሜሪካ ደረጃ በተሠራ ኬ ሽቦ ላይ ቀዩ ኔጋቲቭ፣ ቢጫው ፖዘቲቭ ነው። ዕድሜ ልኩን ቀይን ፖዘቲቭ ሲያደርግ የኖረ እጅ ሁለቱን ያገላብጣል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሲግል ቁጥሩ ወደ ታች ይሄዳል። የጌጁ ኃይል ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ መስመር፣ በትንሽ ፊውዝ በኩል ይወሰድ።

ዲጂታል ጌጅ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ዘንጉን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መሞከር ይቻላል። አምቦ ላይ 100 ካላሳየ ተበላሽቷል ብሎ መጣል አይገባም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ጌጅ የሚያሳየው 93 አካባቢ ነው።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት የመማሪያ ነው። ሚኒሞ ላይ ከ100 እስከ 200 ዲግሪ፣ በጊንጪ ሜዳ ላይ ያለ ጫና ሲነዱ ከ300 እስከ 450፣ ዳገት ላይ ከ500 በላይ ማየት የተለመደ ነው። ከጌዶ ወደ ባኮ ቁልቁል ሲወረድ በሞተር ፍሬን ከ150 በታች ሊወርድ ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች ለራስ መኪና ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚያስጠነቅቀው ከለመዱት መራቁ ነው። በተለመደው ዳገት፣ በተለመደው ጭነት 60 ወይም 80 ዲግሪ ከጨመረ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ በአቧራ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ፣ ከቱርቦ በኋላ የላላ ጎማ ቱቦ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። በበጋ ወራት በሙገር መንገድ ላይ የሲሚንቶ መኪኖችን አቧራ እየተከተለ የሚሄድ መኪና ፊልትሮው ቶሎ እንደሚዘጋ ማንም ሹፌር ያውቀዋል፤ ጌጁ መቼ እንደተዘጋ ይነግረዋል።

ሙቀቱ ሲወጣ ምን ይደረግ? ማርሽ ይቀነስ። ብዙ ሹፌር ሞተሩ እንዳይጮህ ብሎ በከፍተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ይወጣል፤ ለናፍጣ ሞተር ይህ ከሁሉ የከፋው አወጣጥ ነው። ዙሩ ዝቅ ሲል የሚገባው አየር ያንሳል፤ ናፍጣው ግን ሙሉ ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ተወርዶ እግሩ ትንሽ ሲነሳ ሞተሩ ይጮሃል፤ ነገር ግን ብዙ አየር ይስባል፤ ቁጥሩም ዓይን እያየ ይወርዳል። ጫፍ ሲደረስም ሐይቁን ለማየት ከመውረድ በፊት ጌጁ ከ200 በታች እስኪል ሞተሩን ሚኒሞ ላይ መተው ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ደቂቃ አያልፍም፤ የቱርቦው ኩሽኔታ ላይ ያለው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል እንዳይሆን የሚያደርገው ይህች ደቂቃ ናት።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ የመስሪያ ቤት መኪና የምታስተዳድሩ ኃላፊዎች ጌጅ ካስገጠማችሁ ሥራው እዚያ እንዳያበቃ እባካችሁ። መኪናው ላይ የሚቀመጡት ሹፌሮች ይለዋወጣሉ። የዚያን መኪና ልክ፣ ማለትም ዳገት ላይ የማይታለፈውን ቁጥርና ሞተሩ የሚጠፋበትን ቁጥር፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉና ጌጁ ሥር ለጥፉት፤ ቁልፉን የሚረከበው አዲስ ሹፌርም ወደ ወንጪ ከመውጣቱ በፊት እንዲያነበው አድርጉ።